የሳንባ ሕመምተኛ ሲያስታምሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕድሜዋን በኩበትና በእንጨት ጭስ የጨረሰች እናት፣ ሲጋራ ያጨሰ ወይም ቲቢ ሳንባው ላይ ጠባሳ የተወበት አባት፣ ሕመሙ ብድግ ቁጭ እያለ ለዓመታት ያንገላታቸዋል። ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ ቤተሰቡ «ዳኑ» ይላል። ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር ግን የሚተርፈው አቅም ካለፈው እያነሰ ይሄዳል።

ስለ ሕመሙና ስለ ፍላጎታቸው የሚወራውን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት። «ሟርት ነው» እየተባለ ዝም ይባላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሦስት ቃል አንድ ላይ መጨረስ አይችልም፤ የተቃጠለው አየር በደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ልቡን ይስታል። ስለዚህ የሚሻለው ጊዜ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ትንፋሻቸው የተረጋጋበት ሰሞን ነው። ጠያቂ በሞላበት ቤት አይሆንም፤ የሚያምኑት አንድ ልጅ፣ ከፈለጉም ንስሐ አባታቸው ወይም ሸኹ ካሉ ይበቃል። ከመንገር በፊት መጠየቅ ይቀድማል፦ «አባባ፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ መስማት ይሻሉ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?» ቀጥሎም «እንደ ባለፈው ቢያፍንዎ ደሴ እንውሰድዎ ወይስ እዚሁ እናስታምምዎ?» የመተንፈሻ ማሽን ነገር አብሮ ይነሳ፤ የደከመ ሳንባ ማሽኑ ውስጥ ከገባ መላቀቅ ሊያቅተው እንደሚችል ሐኪሙ ያስረዳቸው። መልሳቸው ተጽፎ ከሕክምና ካርዳቸው ጋር ይቀመጥ፤ በሌሊት ባጃጅ ሲፈለግ የሚያስታውስ አይገኝም። ኑዛዜውን ሌላ ሰው የሚጽፍላቸው ከሆነም በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ይፈረማል፤ እሱም የዚያው ሰሞን ሥራ ነው።

ስቃይን የሚያቀልለውን የማስታገሻ ሕክምና «ሐኪም ተስፋ ቆረጠ» ብሎ መረዳት። ፓፉም (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ሌላውም መድኃኒት አይቋረጥም፤ ጎን ለጎን ይሄዳል።

ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ መፍራት፣ ወይም መጠኑን መሳት። በሐኪም ትእዛዝ በትንሹ ሲሰጥ የመታፈንን ስሜት ያቀላል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ2.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ጥፋቱ ያለው ጠርሙሱ ላይ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ አለ፣ 10 የያዘም አለ። 2.5 ሚሊ ግራም ከመጀመሪያው ሲቀዳ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ከሁለተኛው ሲቀዳ 0.25 ሚሊ ሊትር ነው። በሻይ ማንኪያ እየገመቱ መስጠት ስለዚህ አይገባም፤ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ተለክቶ በአፍ ይሰጥ። ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዝ። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ፈቃድ አብሮ አይሰጥ።

ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት። ለብዙዎቹ የቆየ የሳንባ መዘጋት ላለባቸው ሰዎች በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሚያሳየው የጣት መለኪያ ላይ የሚፈለገው ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። «100 ይግባላቸው» ብሎ ቁልፉን መጨመር ራስ ያሳምማል፣ ያደነዝዛል፣ አንዳንዴም አይነቁም። ኦክስጅን ካለበት 3 ሜትር ዙሪያ ከሰል፣ ጧፍና ሲጋራ አይቅረቡ። መብራት ሲጠፋ የኦክስጅን ማሽኑ እንደሚቆም ታውቆ አማራጩ ቀድሞ ይታሰብ።

ጠያቂ፣ ቡናና ዕጣን። ወዳጃው (በቡና ዙሪያ የሚደረገው ጸሎት) አይቅር፤ ጭሱ ግን ከክፍሉ ይውጣ። ቡናው ውጭ ይቆላ፣ ዕጣኑ ሌላ ክፍል ይጨስ። ጠያቂ ሁለት ሁለት እየሆነ ይግባ፤ ካልሆነ ሕመምተኛው ለእያንዳንዱ «ደኅና ነኝ» እያለ ትንፋሹን ይጨርሳል። ሲያፍናቸው ማስተኛትም ስህተት ነው፤ ትራስ ታቅፈው ወደ ፊት ተደግፈው ይቀመጡ፣ በአፍንጫ ሁለት እስኪቆጠር ስበው በተሰበሰበ ከንፈር አራት እስኪቆጠር ያስወጡ። መስኮት መክፈትና ፊት ላይ ቀስ ብሎ ማራገብ እንደ ቀላል አይታይ፤ ያረጋጋል።

በመጨረሻው ሰዓት ማጠጣት። ትንፋሹ ቆም ቀጠል ሲል፣ ጉሮሮ ሲያንኮራኩር፣ ጸበልም ሆነ ዘምዘም በማንኪያ ማንቆርቆር ይቅር፤ መዋጥ ስለማይችሉ ወደ ሳንባ ይወርዳል። በጎን አስተኝቶ፣ ጥጥ በዚያው ውኃ ነክሮ ከንፈራቸውን ማርጠብ ነው።