ደጃችን ላይ ያለችውን ሳር ከሰፈር ውሾች እንዴት እንዳስጣልኳት

ከአጥራችን ውጭ፣ በበሩና በአስፋልቱ መሃል፣ ሁለት ሜትር በአራት የምትሆን ሳር አለችን። የሰፈሩ ውሾች ሽንት ቤት አደረጓት። ጠዋት በር ስከፍት መጀመሪያ የማነሳው አካፋ ሆነ።

መጀመሪያ ሚጥሚጣ በተንኩ። አንድ ካፊያ መጣና ጠራርጎ ወሰደው (በዛሬ የሚጥሚጣ ዋጋ!)። በረኪናም ሞከርኩ፤ ሳሩን አቃጠለው እንጂ ውሻ አላባረረም። እንዳትሞክሩት።

የሠራልኝ ሌላ ነው። ውሻ የቀድሞውን ሽታ ተከትሎ ስለሚመለስ፣ ቆሻሻውን አፍሼ ሳሩን በብዙ ውሃ አጠብኩ፣ ዳር ያለውን ድንጋይ ደግሞ በአቼቶ ፈተግኩ። ሽንት ያረፈበት ሳር ክብ ሆኖ የሚቃጠለው ናይትሮጅን ስለሚበዛበት ነው፤ ቶሎ ውሃ ከደፋችሁበት ይተርፋል። ከዛ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ደጅ እናስቀምጠው የነበረውን የቆሻሻ ጆንያ ግቢ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ለካ አጥንቱ እየሸተታቸው ነው የሚሰበሰቡት!

ጎረቤታችን እማማ ደግሞ የተረፈ እንጀራ የሚጥሉላቸው እኛ በር ላይ ነበር። መናገሩ ከብዶኝ ስንት ጊዜ ዝም አልኩ።

«እማማ፣ ማዶ ዛፉ ስር ቢያደርጉላቸውስ?»

«ውይ ልጄ፣ ቀድመህ አትነግረኝም!»

አለቀ። ውሾቹ እስኪለምዱ ለሁለት ሳምንት የግራር እሾህ ሳሩ ላይ ጣል ጣል አደረግኩ። ወር ሊሞላ ነው፣ አካፋ ያነሳሁት አንዴ ብቻ ነው። እሱም የድመት ነበር።