የወርቅ ዋጋ እየወጣ የወርቅ አክሲዮንዎ ለምን ይወርዳል?

ችግሩ። የወርቅ አውጪው ኩባንያ መግለጫ በአንድ ቶን ድንጋይ 3 ግራም ወርቅ እንዳለ ይናገራል፤ ወፍጮው በዕቅዱ መሠረት ይፈጫል፤ የወርቅ ዋጋም ጨምሯል፤ ሪፖርቱ ግን ኪሳራ ይዞ ይመጣል። እዚህ ጎንደር የአክሲዮን ሰነድ ይዘው ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። የኩባንያውን ዕዳ፣ የፈቃዱን ዘመንና የክምችቱን መጠን አስቀድመው እንዳዩ እቆጥራለሁ።

ምክንያቱ። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ወርቅ ሁሉ ለሽያጭ አይደርስም። ፋብሪካው ከገባለት ወርቅ ለይቶ የሚያወጣው በመቶኛ ሲሰላ ሪከቨሪ ይባላል። በቶን 3 ግራም የያዘ 1 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ 3,000 ኪሎ ግራም ወርቅ አለው፤ ሪከቨሪው 92 በመቶ ከሆነ 2,760፣ 68 በመቶ ከሆነ 2,040 ኪሎ ግራም ይወጣል። የመቆፈሪያው፣ የማጓጓዣውና የመፍጫው ወጪ ግን በሁለቱም ያው ነው። ይህ ወጪ የ1,500 ኪሎ ግራም ወርቅ ዋጋ ቢሆን፣ ትርፉ ከ1,260 ወደ 540 ይወርዳል ማለት ነው። አንጥረኛ የሱቁን ጥራጊ አጠራቅሞ መልሶ ያቀልጣል፤ ከፋብሪካው ዝቃጭ ጋር ወደ ግድብ የፈሰሰውን ወርቅ መልሶ ማውጣት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

ደጋግሜ የማየው ስህተት አንድ ነው፦ ከላይኛው ድንጋይ የተገኘን የሙከራ ውጤት ለታችኛውም መቁጠር። ከምድር ገጽ አጠገብ ያለው ድንጋይ በአየርና በውኃ ስለተበላ ወርቁ ለሳያናይድ፣ ማለትም ወርቅን ለሚያሟሟው ኬሚካል፣ ይገለጣል። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ወርቁ ፓይራይትና አርሴኖፓይራይት በሚባሉ ድኝ ያዘሉ ማዕድናት ውስጥ ተቆልፎ ሊገኝ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ድንጋይ በተራ የሳያናይድ አሠራር ከ80 በመቶ በታች መስጠቱ የተለመደ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ልጃቸው ከውጭ አገር የገዛላቸውን አክሲዮን ሰነድ አምጥተው «ጋሼ፣ ሪከቨሪው 94 በመቶ ይላል እኮ!» ብዬ እንዳረጋጋቸው ጠበቁ። አባሪውን ስገልጥ ናሙናዎቹ በሙሉ ከ30 ሜትር ባነሰ ጥልቀት የተወሰዱ ነበሩ፤ ጉድጓዱ ግን እስከ 180 ሜትር ታቅዶለታል። ይህን በአባሪ ደብቆ 94ን በሽፋን ላይ ማተም ሰውን ማሳሳት ነው፤ አባሪውን ሳያነቡ ቁጠባን ማስረከብም ያሳዝነኛል።

መፍትሄው። በአዋጭነት ጥናቱ ውስጥ ወርቁ ከድንጋዩ እንዴት እንደሚለይ የሚናገረውን ምዕራፍ ያንብቡ። ናሙናው ከየትኛው ጥልቀት እንደተወሰደ፣ ምን ያህል ደቅቆ እንደተፈጨና ለስንት ሰዓት በሳያናይድ እንደቆየ ይፈልጉ። አማካይ ቁጥር አይቀበሉ፤ ለየድንጋዩ ዓይነት የተለየውን ይጠይቁ። በድንጋይ ክምር ላይ ሳያናይድ የሚያፈስ የማዕድን ማውጫ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 በመቶ ስለሚሰጥ የደቀቀውን ድንጋይ በትልልቅ ጋን ውስጥ በሳያናይድ ከሚዘፈዝፍ ፋብሪካ ጋር አያወዳድሩት። የተቆለፈ ወርቅ መፍትሄ የለውም ማለት አይደለም፤ በጋና ኦቡዋሲ በተባለው የወርቅ ማዕድን ማውጫ ባክቴሪያ ያንን ቁልፍ ሲፈታ ቆይቷል፤ ነገር ግን ተጨማሪ ፋብሪካና ወጪ ስለሚጠይቅ በበጀቱ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሪከቨሪውን የሚያወርደው ሌላ ነገር ነው፦ በድንጋዩ ያለ ካርቦን የሟሟውን ወርቅ መልሶ ይይዛል፤ መዳብም ሳያናይዱን ይጨርሳል።

አክሲዮኑን ከገዙ በኋላ የየሩብ ዓመቱን ሪከቨሪ ከጉድጓዱ ጥልቀት ጋር በደብተር ይመዝግቡ። የመምህሩን ሪፖርቶች ወደ ኋላ ተመልሰን ስንመዘግብ፣ አክሲዮኑ ከመውደቁ በፊት ሪከቨሪው ሦስት ሩብ ዓመት ተከታትሎ ወርዶ ነበር።