ራቭ ፎር ሲገዙና ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ራቭ ፎር ነው፣ የታወቀ መኪና ነው» ብሎ መግዛት። ከ1994 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቶዮታ በዚህ ስም ያወጣው መኪና አንድ አይደለም። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፎር ዊሉም በየትውልዱ ተለዋውጧል። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች ያለው ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው፤ የሚያዋጣው የያዙትን ለይቶ ማወቅ ነው።

ሊብሬ ላይ ያለው ዓመት አይበቃም። ፋብሪካው መኪናው ላይ የለጠፈው የብረት ሰሌዳ (ታርጋው አይደለም) ላይ የተጻፈውን የሞዴል ኮድ ያንብቡ። በ«ኤስኤክስኤ» ከጀመረ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። «ኤሲኤ» ብሎ ቁጥሩ በ2 ከጀመረ ሁለተኛው፣ በ3 ከጀመረ ሦስተኛው ትውልድ ነው። «ዜድሲኤ» ደግሞ 1.8 ሊትር ሞተር ያለው፣ የፊት እግሩ ብቻ የሚነዳ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 1.8ቱ እንጦጦ ዳገት ላይ ሲያቃስት ካንዴላና ፊልትሮ ከመቀየርዎ በፊት ኮዱን ይዩ፤ መኪናው ላይታመም ይችላል፣ ተፈጥሮው ነው።

ቺንጋና ሰንሰለትን ማምታታት። የመጀመሪያው ትውልድ የ3ኤስ-ኤፍኢ ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ቤንዚን ሞተሮች ሁሉ ባለ ሰንሰለት ናቸው። ለ2004 ቤንዚን ራቭ ፎር «ታይሚንግ ቺንጋው ደርሷል» የሚል ጋራዥ ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ይቀበሉና ይሂዱ። የሁለተኛው ትውልድ ናፍጣ ግን ባለ ቺንጋ ነው፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ካምቢዮ ሳይታመም ካምቢዮ ማውረድ። ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩት አውቶማቲኮች ላይ ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይሄ ነው። መኪናው ማርሽ ሲቀይር ይመታል፣ የሞተር መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተር ሲነበብ ፒ0750፣ ፒ0755 ወይም ፒ0770 ይወጣል። እነዚህ ኮዶች ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) ስለሚጠቁሙ መካኒኩ ሶሌኖይድ ይቀይራል፣ ካልሆነም ያገለገለ ካምቢዮ ያስገዛዎታል። ሳምንት ሳይቆይ ምቱ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ባለው የሞተር ኮምፒውተር ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ለሶሌኖይዶቹ የሚሄደው ትእዛዝ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አስወጥተው ኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ሰው ብየዳውን እንዲያድሰው ያድርጉ። ዝም ብለው ግን አይንዱት፤ ምቱ ሲቆይ ጤነኛውንም ካምቢዮ ይጨርሳል።

የ2.4ቱን ዘይት በሰርቪስ ቀን ብቻ ማየት። ከ2006 እስከ 2008 ባሉት ላይ የገባው 2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር ዘይት ይበላል። የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የከበበው ቀለበት) አካባቢ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ ወደ ታች መመለሱን ትቶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ጠብታ መሬት ላይ ስለማይታይ ባለቤቱ የሚነቃው ሞተሩ ሲንኳኳ ነው። ቤንዚን በቀዱ ቁጥር ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ መለኪያውን ጠርገው መልሰው ይክተቱና ያንብቡ። 1,900 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ሊትር የሚጠጋ ከጎደለ ፋሻው ነው። ለመሸፈን 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት መሙላት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው ክፍል የሚሠራው በቀጭን ዘይት ግፊት ስለሆነ ሌላ ችግር ይጠራል። ሊገዙ ሲሉ ደግሞ ማር የመሰለ አዲስ ዘይት አያታልልዎ፤ ጣትዎን ማርሚታው አፍ ውስጥ ይክተቱ። ደረቅ ጥላሸት ደህና ነው፤ የሚያጣብቅና ቅባት ያለው ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው።

አንድ ጎማ ብቻ መቀየር። ፎር ዊሉ አራቱም ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ይፈልጋል። አንዱ አዲስ፣ ሦስቱ የተላጡ ሲሆኑ ፊትና ኋላን የሚያገናኘው ክፍል በአስፋልት ላይ ያለ ዕረፍት ይሞቃል። ፎር ዊሉን ሁለት እግሩን አንጠልጥሎ መጎተትም ያው ነው፤ ጭነው ይውሰዱት። በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ያለው የሎክ ቁልፍ (ፊትና ኋላን አጣብቆ አብረው እንዲነዱ የሚያደርገው) ለጭቃ ነው፤ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፉ ራሱ ይለቃል።

የካምቢዮ ዘይት «ያው ነው» ማለት። 2.5ቱ ባለ ስድስት ማርሽ ደብሊውኤስ የሚባለውን ይወስዳል። 2.0ው ሲቪቲ (በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ከሆነ የራሱ ዘይት አለው፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት ከገባበት ውስጡ ያለው የብረት ቀበቶ ይንሸራተታል።

ሃይብሪዱን (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሄደውን) መርሳት። የአምስተኛው ትውልድ ሃይብሪድ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ነው። የሚተነፍስበት ቀዳዳ ወንበሩ ግርጌ ላይ ይታያል፤ ምንጣፍ፣ የልጅ ቦርሳ ወይም ከረጢት አይደግፉበት። የቀዳዳውን መረብ አውልቀው አቧራውን ያራግፉ፤ ፒስታ ላይ የሚውል መኪና ከሆነ በየሰርቪሱ።