በሕንፃ ኤሌቬሽን ላይ የጀርባ ምስል እንዴት ይገባል?

ኤሌቬሽን የሕንፃውን አንድ ፊት ልኩን ጠብቆ የሚያሳይ ንድፍ ነው። ለግንበኛው መስመሩና ልኩ ይበቁታል፤ ለባለቤቱ ወይም ለውድድር ዳኞች ሲቀርብ ግን ሕንፃው የት እንደሚቆምና ከአካባቢው ጋር እንዴት እንደሚስማማ መታየት አለበት። በዚህ ምክንያት የጀርባ ምስሉ ከኢንተርኔት የወረደ ውብ ሰማይ ከሚሆን ይልቅ ከራሱ ከቦታው የተነሣ ፎቶ ቢሆን እጅግ ይመረጣል።

ሥራው የሚጀምረው አቅጣጫን በመለየት ነው። የደቡብ ኤሌቬሽን የሚባለው ወደ ደቡብ የዞረው ገጽታ ስለሆነ፣ ተመልካቹ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ነው የሚያየው። አዲስ አበባ ውስጥ ላለ ሕንፃ ከደቡብ ኤሌቬሽን ጀርባ የሚታየው እንጦጦ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ኤሌቬሽን ጀርባ የሚገኘው ደግሞ በምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራ ነው። ከተማውን የሚያውቅ ሰው ይህ ሲዛነፍ ወዲያው ይታወቀዋል። ፎቶውን ሲያነሡ በተቻለ መጠን ከቦታው ርቀው ይቁሙ፣ በዙም ያቅርቡት፣ ካሜራውንም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳያዘነብሉ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ኤሌቬሽን የርቀት ጥበት የሌለው፣ ማለትም የራቀው ነገር አንሶ የማይታይበት ንድፍ በመሆኑ፣ ከቅርብ በሰፊ ሌንስ የተነሣና ግድግዳዎቹ የተጋደሙበት ፎቶ ከንድፉ ጋር ፈጽሞ አይገጥምም።

ቀጥሎ የመለኪያ ቁጥሮችንና የአክሲስ (የዓምዶችን መሐል የሚያመለክቱ) መስመሮችን የያዙትን ሌየሮች፣ ማለትም ተደራራቢ ንብርብሮች፣ ከእይታ አጥፍተው ንድፉን ከተሠራበት ፕሮግራም ከአውቶካድ ወይም ከሬቪት በፒዲኤፍ ያውጡ፤ ከዚያም በፎቶሾፕ ይክፈቱት። ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነፃ በሚገኘው ጊምፕ መሥራት ይችላል። ለኤ3 ወረቀት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሪዞሉሽን ይምረጡ፤ ይህም ወደ 4960 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ኤ1 ከርቀት ስለሚታይ 150 ዲፒአይ ይበቃዋል፤ የፒክስሉ ብዛትም ከሞላ ጎደል ያው ነው። የመስመሩን ሌየር ከሁሉም በላይ አድርገው ነጩን አጥፍቶ ጥቁሩን መስመር ብቻ ወደሚያስቀረው መልቲፕላይ ወደተባለው ስልት ይቀይሩት።

ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት ቀጣዩን ደረጃ ነው። በመስመር ብቻ የተሠራ ንድፍ ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ከሥሩ የሚገባው ሰማይና ተራራ በግድግዳው አልፎ ይታያል። ስለዚህ የሕንፃውን ዙሪያ ፔን ቱል በተባለው የመስመር መሣሪያ ተከትለው ይምረጡና ከመስመሩ ሥር በተከፈተ አዲስ ሌየር ላይ ነጭ ቀለም ይሙሉበት። መስኮቶቹን ለብቻቸው በስስ ሰማያዊ ግራጫ ይሸፍኑ። መስታወት የሚያንጸባርቀው ከተመልካቹ በስተኋላ ያለውን በመሆኑ፣ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ተራራ በመስታወቱ ላይ መድገም አይገባም።

አሁን ፎቶውን ከነጩ ሌየር ሥር ያስገቡ። የፎቶውን አድማስ ከመሬት መስመሩ በላይ በሰው ዓይን ከፍታ፣ ማለትም 1.60 ሜትር ገደማ ላይ ያሳርፉት። ልክን በተመለከተ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ ሰው፣ የቅርብ ዛፍና ጎረቤት ሕንፃ ስኬሉን መጠበቅ ሲኖርባቸው፣ ተራራ ግን ሊጠብቀው አይችልም። በ1:100 ስኬል 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እንጦጦ በዚያው ስኬል ቢሳል ግን ከወረቀቱ አልፎ ሜትሮች ከፍ ይላል። ስለሆነም ተራራውን ለዓይን በሚታይበት መጠን፣ ከሕንፃው ቁመት ግማሽ ሳያልፍ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ጎረቤቱ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከሆነ በባሕር ዛፍ አይሸፍኑት፤ ባለቤቱ የሚገነባው እዚያው ሕንፃ አጠገብ ነው።

የብርሃኑ አቅጣጫ ከጥላው ጋር መስማማት አለበት። በንድፉ ላይ ጥላው ወደ ቀኝ ከወደቀ፣ የሰማዩ ብርሃን ከግራ መምጣት ይኖርበታል። ካልሆነ ሰማዩን ብቻ ለይተው ያገላብጡ፤ ተራራው ከተገላበጠ ቅርጹ ሐሰት ይሆናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። የሰሜን ኤሌቬሽን ላይ የእኩለ ቀን ጥላ የሚጥል ሰው ንድፉ የትኛውን ወር እንደሚያሳይ አስቀድሞ ይወስን።

ከዚያ የፎቶውን ቀለም ያደብዝዙ። የቀለሙን ድምቀት ይቀንሱ፣ ኦፓሲቲውን (ምስሉ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚወስነውን) ከ30 እስከ 50 በመቶ ያድርጉ፣ ጥቂት ብለርም (ብዥታ) ይጨምሩ። በእውነተኛው ዓለምም ሩቅ ያለ ነገር ነጣ ብሎና ወደ ሰማያዊ አድልቶ ነው የሚታየው። ከሕንፃው ፊት የሚገቡት ሰዎችና ዛፎች ጥቂት ይሁኑ፤ በርንና ዋና መግቢያን ከመሸፈን ይታቀቡ።

ሁሉንም በአውቶካድ ውስጥ መጨረስ የሚፈልግ ሰው በኢሜጅ አታች ትእዛዝ ፎቶውን አስገብቶ የመደራረብ ቅደም ተከተልን በሚቀይረው በድሮው ኦርደር ትእዛዝ ወደ ኋላ ይልከዋል፤ በኢሜጅ ክሊፕ ትርፉን ይቆርጣል። አውቶካድ የሚያስቀምጠው ፎቶው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለበትን አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ ፋይሉን ለሌላ ሰው ሲልኩ ፎቶውንም አብረው መላክ አለብዎት።

በመጨረሻም በትልቅ ወረቀት ከማሳተምዎ በፊት በኤ4 አንድ ናሙና ያትሙ። በስክሪን ላይ ፈዘዝ ብሎ የታየ ሰማይ በወረቀት ላይ ጨለም ሊል ስለሚችል፣ ቀጭን መስመሮች በጀርባው ውስጥ ከጠፉ ኦፓሲቲውን እንደገና ይቀንሱ።