ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አብረው ሲሸሹ፦ የዚህ ዓይነት ፊልም ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሁለት ሰዎች ከየራሳቸው ጣጣ ሲሸሹ መንገድ ያገናኛቸዋል። መጀመሪያ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ፤ መለያያቸው ሲደርስ ግን አንጀታቸው አይችልም። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ ሰው ይነሣል፤ መንገዱ ራሱ ታሪኩን የሚወስደው ይመስላልና። ብዙውን ጊዜ ግን ስክሪፕቱ መሐል ላይ ሲደርስ ይደክማል፤ ሁለቱ ሰዎች ይሮጣሉ፣ ተመልካቹ ግን ግድ አይሰጠውም። እንዲህ ያለውን ፊልም የሚገፋው እጦት ነው። የገንዘብ፣ የምግብ፣ የማደሪያ፣ የሚታመን ሰው እጦት። ሽሽቱ እጦቱን የሚያመጣ ሰበብ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ይህን ከመርሳት ይመጣሉ።

ለማሳያ የምንጠቀመው በ1934 የወጣውን “ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት” ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ነው፤ ስክሪፕቱን ሮበርት ሪስኪን ከሳሙኤል ሆፕኪንስ አዳምስ አጭር ልቦለድ ተነሥቶ ጻፈው፤ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ሠራው። ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልበርት ተወኑበት። የምርጥ ፊልም፣ የዳይሬክተር፣ የወንድ ተዋናይ፣ የሴት ተዋናይና የስክሪፕት ኦስካሮችን አንድ ላይ በመውሰድ የመጀመሪያው ሆነ። ታሪኩ አጭር ነው። ኤሊ አንድሩስ የሀብታም ልጅ ናት፤ አባቷ ያልወደደውን ሰው አግብታለች። አባትየው ጋብቻውን ሊያፈርስ ፈልጎ ፍሎሪዳ ላይ በመዝናኛ ጀልባው ይዘጋባታል። በጥፊ ሲመታት ባሕር ውስጥ ዘላ በዋና ታመልጥና ኒው ዮርክ ያለው ባሏ ዘንድ ለመድረስ የሌሊት አውቶቡስ ትሳፈራለች። እዚያው አውቶቡስ ላይ ገና ከሥራው የተባረረ ፒተር ዋርን የሚባል ጋዜጠኛ አለ።

አሳዳጆቹን ማብዛት

ጀማሪ ጸሐፊ ታሪኩ የቀዘቀዘ ሲመስለው አሳዳጅ ይጨምራል። በየአሥር ገጹ መኪና ይመጣል፣ ሁለቱ ይደበቃሉ፣ ያመልጣሉ፣ እንደገና መኪና ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። እየሮጡ ያሉ ሰዎች መነጋገር አይችሉም፤ ካልተነጋገሩ ደግሞ አይተዋወቁም።

በምሳሌያችን የኤሊ አባት መርማሪዎች አሰማርቷል፣ ላገኛት ሰው 10,000 ዶላር ወሮታ አውጥቷል። መርማሪዎቹ ሁለቱ ያደሩበት ክፍል ድረስ የሚገቡት ግን አንዴ ብቻ ነው። ያ አንድ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ጠዋት ነው፣ ፒተር ቁርስ ሠርቶ ዶናት ቡና ውስጥ እንዴት እንደሚነከር ሲያስተምራት መርማሪዎቹ በር ላይ ይደርሳሉ። ፀጉሯን ፊቷ ላይ በታትኖ እንደ ተሰላቸ ባል ይጮኽባታል። እሷም ወዲያው ገብቷት እንደ ሚስት መልሳ ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች። መርማሪዎቹ አፍረው ይወጣሉ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወገን ሆነው የሠሩት እዚህ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አብረው ይስቃሉ። እያንዳንዱን የማሳደድ ትዕይንት በዚህ ይመዝኑት፦ ካለቀ በኋላ በሁለቱ መካከል የተለወጠ ነገር አለ? ከሌለ ያውጡት።

ለአንደኛው ብቻ ዓላማ መስጠት

አንዷ ትሸሻለች፣ ሌላው ደግ ስለሆነ ይረዳታል። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ ውጤቱም አሽከር የመሰለ ገጸ ባሕርይ ነው። ደግነት ብቻውን ጥል አይፈጥርም።

ኤሊ ኒው ዮርክ መድረስ ትፈልጋለች። ፒተር የሚፈልገው ሥራውን የሚመልስለት ዜና ነው፤ እሷ ዜናው ናት። ስለዚህ ውል ያቀርብላታል፦ ከእኔ ጋር ከሆንሽ አደርስሻለሁ፣ ታሪኩ የእኔ ይሆናል፤ እምቢ ካልሽ ለአባትሽ እነግራለሁ። ውሉ ሁለቱን ያስራል፣ ግን ማንም ማንንም እንዳያምን ያደርጋል። በኋላ ፍቅር ሲመጣ የሚያፈርሰው ነገር አለው። እርስዎም መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ “ያለ እሱ የማትችለው ምንድን ነው?” “ያለ እሷ የማይችለው ምንድን ነው?” አንዱ መልስ ባዶ ከሆነ ገና ፊልም የለዎትም። ሁለቱን ማገናኘቱንም አያዘግዩ። አንድ የስክሪፕት ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች ካለፈ ተመልካቹ የሌላ ሰው ፊልም የሚያይ ይመስለዋል።

ኪሳቸውን አለመቁጠር

ብዙ ስክሪፕቶች የሚፈርሱት እዚህ ነው። ሁለቱ ገንዘብ የለንም ይላሉ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ምግብ ቤት ተቀምጠዋል፣ ልብሳቸው ንጹሕ ነው፣ ቤንዚን አላቸው። ተመልካች ሒሳብ ባይሠራም ውሸቱ ይሸተዋል።

ሪስኪን ገንዘቡን እስከ ሳንቲሙ ይከታተላል። የኤሊ ሻንጣ ገና መንገዱ ሲጀመር ይሰረቃል። በቀረቻት ጥቂት ዶላር ቸኮሌት ልትገዛ ስትል ፒተር ያስቆማታል፤ ከዚያ በኋላ ወጪዋን የሚቆጣጠረው እሱ ነው። አውቶቡሱ ላይ አንዲት እናት በረሃብ ራሷን ስታ ስትወድቅ ለልጇ የሚሰጡት የያዟትን ነው። ጊዜው የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ነበርና የ1934 ተመልካች ያቺን እናት ያውቃታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ሜዳ ላይ ማደሩ፣ ጥሬ ካሮቱ፣ ሊፍት መለመኑ፣ ከዚህ ባዶ ኪስ የተወለደ ነው።

የሒሳቡ መደምደሚያ ደግሞ ከፊልሙ ምርጥ ትዕይንቶች አንዱ ነው። ፒተር ወደ ኤሊ አባት ቤት ይሄዳል። አባትየው ወሮታውን ሊጠይቅ የመጣ መስሎታል። ፒተር ግን ዝርዝር ያወጣል፦ በእጅ የወጣ 8.60፣ ካፖርት 15፣ ሻንጣ 7.50፣ ባርኔጣ 4፣ ሦስት ሸሚዝ 4.50። ድምር 39.60 ዶላር። ዕቃዎቹ ቤንዚን ለመግዛት የሸጣቸው ናቸው። ይደምሩት፤ ልክ ይመጣል። 10,000 ትቶ 39.60 የሚጠይቅ ሰው እንደሚወዳት አባትየው የሚገባው በዚህ ወረቀት ነው። ቁጥሩ ደፍኖ 40 ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አናምነውም ነበር።

ስለዚህ ሰንጠረዥ ይሥሩ። አራት ዓምድ ይበቃል፦ የትዕይንቱ ቁጥር፣ በእጃቸው ያለው ገንዘብ፣ የያዙት ዕቃ፣ መጨረሻ የበሉት መቼ እንደሆነ። አንድ ሸሚዝ ቢሸጡ ከዓምዱ ይሰርዙት፤ በሚቀጥለው ቀን እንዳይለብሰው። ድርጊቱ የት እንደሚሄድ ሲጠፋብዎ ሰንጠረዡን ይመልከቱ፤ ያለቀው ነገር ቀጣዩን ትዕይንት ይነግርዎታል።

ታሪኩን ወደ ዛሬ አገር አቋራጭ አውቶቡስ የሚያመጣ ጸሐፊ እዚህ ላይ ስልክና ቴሌብር ያስቸግሩታል፤ አንድ ጥሪ ገንዘብ ያመጣልና። ብዙዎች “ባትሪው አለቀ” ብለው ያልፋሉ። ደካማ መውጫ ነው። ኤሊም በ1934 ስልክ ነበራት፤ በማንኛውም ሰዓት አባቷ ዘንድ ደውላ ረሃቡን ማብቃት ትችላለች። ያለመደወሏ ምርጫዋ ነው፣ ስትደውል ደግሞ ታሪኩ ይገለበጣል። ስልኩን አይስበሩት፤ መደወል የሚያስከፍላትን ዋጋ ይጻፉ።

ፍቅሩን በአፍ ማስነገር

“ተለውጫለሁ”፣ “አንተን ካወቅሁ ወዲህ...” የሚሉ ንግግሮች ባሉበት ዕቃ ጠፍቷል ማለት ነው። ለውጥ የሚታየው በሚዳሰስ ነገር ላይ ነው።

ካሮቱን እንውሰድ። ድርቆሽ ላይ ካደሩ በኋላ ፒተር ጥሬ ካሮት ይሰጣታል፤ አልበላም ትላለች። ከሰዓታት በኋላ መኪና ውስጥ እያሉ እጇን ወደ ካፖርቱ ኪስ ልካ ካሮት ታወጣና መቆርጠም ትጀምራለች። ስለ ለውጧ አንድ ቃል አልተነገረም።

ብርድ ልብሱ ከዚህም ይልቃል። ድልድይ በጎርፍ በመፍረሱ አውቶቡሱ ይቆማል፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል፣ በሁለት አልጋ ማደር አለባቸው። ፒተር በአልጋዎቹ መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና “የኢያሪኮ ግንብ” ይለዋል፤ የሚያፈርሰው መለከት እንደሌለውም ይነግራታል። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 6 ያለውን ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች ስትቀር እሱ ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ ወንዶች እንዴት እንደሚያወልቁ ያስረዳል፤ ወደ ሱሪው ሲደርስ ወደ ራሷ ወገን ትሮጣለች። በሌላ ምሽት በሌላ ማረፊያ ብርድ ልብሱ እንደገና ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ ግን አልፋው የምትመጣው እሷ ናት። መጀመሪያ መከላከያ፣ ቀጥሎ እንቅፋት፣ ሦስተኛው ለመጨረሻው ትዕይንት ይቆይ። መለኪያው ይህ ነው፦ አንድ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይምጣ፣ በየጊዜውም ትርጉሙ ይለወጥ። ሁለት ጊዜ ብቻ ከመጣ አጋጣሚ ይመስላል፤ ሳይለወጥ ሦስት ጊዜ ከመጣ ያሰለቻል።

አንዱን ሁልጊዜ አዋቂ ማድረግ

ፒተር ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው። ሊፍት ለመጠየቅ አውራ ጣት እንዴት እንደሚቀሰር ሦስት ስልት ይዘረዝርላታል፤ መኪኖቹ ግን እየበረሩ ያልፋሉ። ኤሊ ከአጥሩ ወርዳ ቀሚሷን ትንሽ ከፍ ስታደርግ የመጀመሪያው መኪና ፍሬን ይይዛል። ኮሜዲው የቆመው ያወራው ተሸንፎ የተማረችው በማሸነፏ ላይ ነው። ስክሪፕትዎን ሲከልሱ በየትዕይንቱ ማን እንደበለጠ በህዳግ ላይ በፊደል ምልክት ያድርጉ። አንድ ፊደል አራት ጊዜ በተከታታይ ከመጣ ሚዛኑ ተዛብቷል።

አባትን ክፉ ማድረግ

ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሄድበታል። የኤሊ አባት በጥፊ የመታ፣ ልጁን የዘጋባት ሰው ነው፤ ስለ ባሏ ግን ትክክል ነበር። ከዚያው ባሏ ጋር ሰርጓ በወግ ሊደገም ልጁን በሙሽራ ልብስ ወደ መሠዊያው ሲወስዳት ፒተር እንደሚወዳት የሚያንሾካሹክላትና ማምለጫ መኪና ያዘጋጀላት እሱ ነው። በመጀመሪያ የሸሸችው ከእሱ ነበር፤ በመጨረሻ የሚያስሸሻት እሱ ይሆናል።

አለመግባባቱን በአጋጣሚ መፍጠር

ሁለቱ ከመጨረሻው በፊት መለያየት አለባቸው። ሰነፉ መንገድ ግማሽ ንግግር በበር ማዳመጥ ነው። እዚህ ግን እንዴት እንደተሠራ ይመልከቱ። ኤሊ እወድሃለሁ ብላ ታለቅሳለች፣ ፒተር ይከለክላታል፣ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱ ያለ ሳንቲም ሊጠይቃት አልፈለገም፤ በሌሊት ወደ ኒው ዮርክ ነድቶ ታሪኩን ለአለቃው በ1,000 ዶላር ሊሸጥ ይሄዳል። የማረፊያው ባለቤቶች መኪናው አለመኖሩን አይተው ኤሊን ይቀሰቅሳሉ፣ ያስወጧታል። ጥሎኝ ሄደ ብላ አባቷ ዘንድ ትደውላለች። ማንም አላጠፋም፤ እያንዳንዱ በሚያውቀው ልክ ትክክለኛውን ነገር አድርጓል። ያማልም ለዚህ ነው።

ይህን ክፍል ሲጽፉ ገጹን ለሁለት ከፍለው በዚያች ሰዓት እሱ የሚያውቀውን በግራ፣ እሷ የምታውቀውን በቀኝ ይጻፉ። የሁለቱም ውሳኔ ከየዓምዱ ብቻ መውጣት አለበት። ከሌላው ዓምድ ተበድሮ የሚወስን ገጸ ባሕርይ ካለ ያ ደራሲው ነው።

ስለ ፊልሙ የሚወራውን ሁሉ ማመን

ብርድ ልብሱን የሳንሱር ሕግ ብቻ ያመጣው አድርጎ ማስተማር ስህተት ነው። የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በ1930 ቢጸድቅም በጥብቅ መሥራት የጀመረው በሐምሌ 1934 ነው፤ ፊልሙ ደግሞ በየካቲት ወጥቷል። ጌብል ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ ስላልለበሰ በመላ አሜሪካ የካናቴራ ሽያጭ ወደቀ የሚለውም በማስረጃ ያልቆመ ወሬ ነውና በጽሑፍዎ እንደ እውነት አያስገቡት።

መጨረሻውን በማቀፍ መዝጋት

ሁለቱ ከተገናኙ በኋላ ካሜራ ፊታቸው ላይ እንዲቆም የሚጽፍ ሰው እስከዚያ የሰበሰበውን ይጥላል። ካፕራና ሪስኪን በመጨረሻው ትዕይንት ጌብልንና ኮልበርትን ጨርሶ አያሳዩንም። የምናየው የአንድ ማረፊያ ባለቤቶችን ነው፤ ባልና ሚስት በማታ ደጅ ቆመው፣ ተጋቢዎቹ ገመድ፣ ብርድ ልብስና መጫወቻ መለከት ለምን እንደፈለጉ ግራ ገብቷቸው ያወራሉ። ከውስጥ መለከቱ ይነፋል። ብርድ ልብሱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ መብራቱ ይጠፋል።