በአነስተኛ ወጪ ለሚሠራ ስቲል ጊታር ፒክአፕ እንዴት ይመረጣል?

ስቲል ጊታር በገዛ እጁ ለመሥራት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእንጨቱ ነው። ጥሩ ዋንዛ ይፈልጋል፣ ይልጋል፣ ያለሰልሳል፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ብረት ይበሳል፤ ፒክአፑን፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን ክፍል፣ ግን በመጨረሻ፣ በተረፈው ገንዘብ ይገዛል። እኔም የመጀመሪያዬን የሠራሁት በዚሁ ቅደም ተከተል ነበር። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረው ግን ተቃራኒውን ነው፦ አስቀድሞ ፒክአፑ ይገዛ፣ የክሮቹ ርቀት በእሱ ይወሰን፣ እንጨቱ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ።

እዚህ የምናወራው ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሮቹ ወደ እንጨቱ ሳይጫኑ በላያቸው ብረት እየተንሸራተተ ስለሚጫወቱት ጊታር ነው። ድምፁ እንደ መሰንቆ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተሳበ ስለሚሄድ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። አካሉ ድፍን እንጨት በመሆኑ እንደ ክራር ገበቴ ድምፅ የሚያጎላ ባዶ ሆድ የለውም፤ ስለዚህ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚደርሰው ድምፅ በአብዛኛው የሚወሰነው በክሮቹ፣ በፒክአፑና ፒክአፑ በተቀመጠበት ቦታ ነው። ከታሪክም ብንነሣ በገበያ የተሳካለት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር ስቲል ጊታር ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ቦሻምፕ በ1931 እ.ኤ.አ. በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የታጠፉ ሁለት ማግኔቶችን ክሮቹን እንዲያቅፉ አድርጎ ናሙናውን ሠራ፤ የሽቦ ጥቅሉንም በልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር እንዳጠነጠነ ይነገራል። ሪከንባከር የተባለው አምራች በዓመቱ ማምረት የጀመረው ያ ጊታር በመጥበሻ መልኩ ምክንያት «ፍራይንግ ፓን» ተባለ። ስለዚህ በቤት ውስጥ ስቲል ጊታር የሚሠራ ሰው ከመሣሪያው አጀማመር ብዙም አልራቀም።

የፒክአፕ አሠራር ቀላል ነው። ማግኔት አለ፤ በዙሪያው ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በሺህ በሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። የብረት ክር በላዩ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ በሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ከዚህ የምንረዳው ክሩ የግድ ብረት መሆን እንዳለበት ነው። ናይለን ፈጽሞ አይሰማም፤ ለአኩስቲክ ጊታር የሚሸጠው የነሐስ ጥምጥም ያለው ክርም ደከም ብሎ ነው የሚሰማው። ለኤሌክትሪክ ጊታር የተሠራ ኒኬል የተቀባ የብረት ክር ይግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ርቀት እንምጣ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ለእያንዳንዱ ክር አንድ አንድ የብረት ምሰሶ አለ። በተለመደው ሀምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) እና ፒ-90 በሚባለው ሰፋ ያለ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ላይ ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ምሰሶ ያለው ርቀት 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስትራቶካስተር ጊታር ዓይነቱ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ላይ 52 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ ለእጄ እንዲመቸኝ ብዬ ክሮቹን በ11 ሚሊ ሜትር አራራቅኋቸው። በስድስት ክሮች መካከል አምስት ክፍተቶች ስላሉ ጠቅላላው 55 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ ያገለገለ ሀምባከር ገዝቼ ስገጥመው የዳርና የዳር ክሮች ከምሰሶዎቻቸው በሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ወደ ውጭ ወጡ። መካከለኞቹ ክሮች ጥርት ብለው ሲዘፍኑ ቀጭኗ ክር፣ ዜማው ሁሉ የሚሸከምባት፣ ከግድግዳ ማዶ የምትሰማ ያህል ደከመች። ፒክአፑ ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ብሪጁን፣ በክራር ቋንቋ ብርኩማውን፣ አውልቄ እንደገና በ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስበሳው ያው ፒክአፕ ስድስቱንም ክሮች እኩል አሰማ።

ብሪጅዎ አስቀድሞ ተበስቶ ከሆነና መለወጥ ካልፈለጉ በምሰሶ ፋንታ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ዘንግ ያለውን፣ ሬይል የሚባለውን ዓይነት ይፈልጉ። ዘንጉ ለየትኛውም ክር ስለማያዳላ፣ ክሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዘንጉ ርዝመት ውስጥ እስከገቡ ድረስ ርቀቱ አያስጨንቅም። ስምንት ክር ለሚያስቡ ሰዎች ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ በ9.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስምንት ክር 66.5 ሚሊ ሜትር ስለሚይዝ የስድስት ክር ፒክአፕ አይበቃውም። ለመጀመሪያ ሥራ ግን በስድስት ክር ይወሰኑ፤ ስምንት ክር ወጪውንም ድካሙንም ይጨምራል።

ስለ ዓይነቱ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ሲንግል ኮይል ጥርት ያለና ከፍ ባሉ ኖታዎች የሚያምር ድምፅ አለው፤ ነገር ግን ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚመጣውን እንደ ንብ ጢዝ የሚል ድምፅ ይለቅማል። ሀምባከር ሁለቱ ጥቅሎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥመው፣ ማግኔታዊ ዋልታቸውም ተገላብጦ ስለሚሠራ ያንን ጢዝታ እርስ በርሱ ያጠፋዋል። የቤትዎ መስመር አሮጌ ከሆነ፣ ወይም ፍሎረሰንት መብራት ባለበት ክፍል የሚጫወቱ ከሆነ፣ ሀምባከር ወይም ባለ ሁለት ጥቅል ሬይል ይምረጡ። ከሴራሚክ ማግኔትና ከአልኒኮ (ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ ከሚሠራው ማግኔት) የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያደክማል። ሴራሚኩ ርካሽ ነው፣ ድምፁም ጠንከር ይላል፤ ነገር ግን በስቲል ጊታር ላይ ርቀቱና ከፍታው በትክክል የተስተካከለ ርካሽ ሴራሚክ ፒክአፕ፣ በግዴለሽነት ከተገጠመ ውድ አልኒኮ እንደሚበልጥ በሁለቱም ሠርቼ አረጋግጫለሁ። ከእንጨት ጋር የሚጣበቀው፣ ፒዬዞ የሚባለው የንዝረት መቀበያ ከሁሉም ይረክሳል፤ ሆኖም ብረቱ በክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚፈጥረውን ፍግፈጋና እጅ እንጨቱን ሲነካ የሚወጣውን ኳኳታ ሁሉ ስለሚያሰማ ለዚህ መሣሪያ አልመርጠውም።

በገንዘብ ረገድ ከሁሉ የሚያዋጣው አንገቱ የተሰበረ ወይም የተጣመመ ርካሽ የኤሌክትሪክ ጊታር መግዛት ነው። ከአንድ እንዲህ ካለ ጊታር ሁለት ወይም ሦስት ፒክአፕ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያ፣ የገመድ መሰኪያና የክር መወጠሪያዎች በአንድ ጊዜ ይገኛሉ። ለብሪጁ የሚሆን የአሉሚኒየም ወይም የብረት ማዕዘን ደግሞ ምናለሽ ተራ ወይም ከቆራሌ ዘንድ አይጠፋም።

ያገለገለ ፒክአፕ ሲገዙ ቴስተር ይዘው ይሂዱ። ቴስተሩን በኪሎ ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) መለኪያው ላይ አድርገው ሁለቱን የፒክአፑን ሽቦዎች ይንኩ። ሲንግል ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8፣ የተለመደ ሀምባከር ከ7 እስከ 9፣ ጉልበተኛ የሚባለው እስከ 16 ኪሎ ኦም ያሳያል። ቁጥር ካልመጣ ሽቦው ውስጥ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል። ሁለቱንም ይተዉ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሻለ ድምፅ ማለት አለመሆኑን ግን ያስታውሱ፤ ሽቦው በበዛ ቁጥር ድምፁ እየጎላ፣ ጥራቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ከተቻለ ፒክአፑን ከአምፕ ጋር አገናኝተው ሽፋኑን በእርሳስ መታ መታ ያድርጉ። እንደ ማይክሮፎን ጎልቶ ከተሰማ ጥቅሉ ላልቷል ማለት ነው፣ አምፑ ከፍ ሲልም ይጮኻል። ይህ በሰም ይድናል፦ የሻማ ፓራፊንና ጥቂት የንብ ሰም በጣሳ አድርገው ጣሳውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡ፣ 65 ዲግሪ ሳያልፍ ፒክአፑን የአየር አረፋ መውጣት እስኪያቆም ድረስ ይንከሩት። በቀጥታ እሳት ላይ ማቅለጥ ፕላስቲኩን ያጣምማል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ቦታውን በተመለከተ፣ የፒክአፑ መካከል ከብሪጁ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ቢርቅ እመርጣለሁ። ወደ ብሪጁ ሲጠጋ ድምፁ ይሰላል፤ ሲርቅ ይወፍራል፣ ብረቱ ወደ ላይኛው ኖታዎች በወጣ ጊዜ ግን ይታፈናል። እንጨቱን ከመቦርቦርዎ በፊት ፒክአፑን ከክሮቹ ሥር በወረቀት ድራቢ ከፍ አድርገው እያንሸራተቱ ያዳምጡ። ስቲል ጊታር ክሮቹ ከእንጨቱ ከፍ ብለው ስለሚቀመጡ ለመደበኛ ጊታር የተሠራ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ድራቢ ያዘጋጁ። በቀጭኑ ክር በኩል ሁለት፣ በወፍራሙ በኩል ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በላይ ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስበው ድምፁ ቶሎ ይሞታል።

ለሲንግል ኮይል 250፣ ለሀምባከር 500 ኪሎ ኦም የድምፅ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ። የተቦረቦረውን ጉድጓድ በመዳብ ፕላስተር ይለብጡትና ከኤርዙ ጋር ይበይዱት፤ ከኤርዙ አንድ ሽቦ ወደ ብሪጁ ማድረስም አይርሱ። የተጫዋቹ እጅና ብረቱ ሁልጊዜ ክሮቹን ስለሚነኩ ጢዝታው በዚህ በእጅጉ ይቀንሳል። በዚሁ ምክንያት ግን አምፑ የተሰካበት ሶኬት ትክክለኛ ኤርዝ እንዳለው በባለሙያ ሳያስፈትሹ እንዳይጫወቱ አጥብቄ እለምናለሁ፤ በአሮጌ ቤቶች ኤርዝ የሌለው ሶኬት ብዙ ነው፣ በብረት ክር ላይ ያረፈ እጅም መከላከያ የለውም።

ለመጨረሻው ማስተካከያ ክሮቹን ከወፍራሙ ጀምሮ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ አድርገው ይቃኟቸው። ይህ ሲ 6 የሚባለው የስቲል ጊታር ቅኝት ሲሆን ከትዝታ ሜጀር አምስት ኖታዎች አራቱን በባዶ ክር ይሰጣል፤ የጎደለው ሬ በዶ ክር ላይ ብረቱን ሁለት ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ የኖታ ምልክት) ከፍ በማድረግ ይገኛል። እያንዳንዱን ክር በእኩል ኃይል እየመቱ በመጀመሪያ በባዶው፣ ቀጥሎም ብረቱን 12ኛው ፍሬት ላይ አድርገው ያዳምጡ። የደከመ ክር ካለ የፒክአፑን ከፍታ የሚያስተካክለውን የዚያን ወገን ብሎን በሩብ ዙር ከፍ፣ የጎላውን በሩብ ዙር ዝቅ ያድርጉ፤ ስድስቱም እኩል እስኪሰሙ ድረስ እንዲሁ ይቀጥሉ።