የ45 ሚሊ ሜትር የግቢ ሐዲድና መለያያ በእጅ አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር በሁለቱ ሐዲዶቹ መካከል የ1 ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ ስፋት ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በግቢና በአትክልት ቦታ ለሚሠሩ ሞዴል ባቡሮች ከተለመዱት ስፋቶች አንዱ የሆነው 45 ሚሊ ሜትር ከዚህ የሚለየው በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዛሬ በለገሃር አጠገብ የሚያልፈው ቀላል ባቡር የሚሄድበት የ1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ደግሞ ለ32 ሲካፈል 44.8 ይመጣል። ስለዚህ በአንድ የ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ፣ መጠናቸው እስከተጠበቀ ድረስ፣ አሮጌውንም አዲሱንም ባቡር ማስኬድ ይቻላል። እኔ የመረጥሁት አሮጌውን ነው፤ ያደግሁት ፉጨቱን እየሰማሁ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር ባትሪውን በራሱ ውስጥ ይዞ ለሚሄድ ባቡር የሚሆን ነው። ሐዲዱ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ከተፈለገ ሁለቱ ሐዲዶች በብረት እንዳይገናኙ ማድረግና በመለያያው (ባቡሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በሚያልፍበት ክፍል) መሻገሪያ ላይ የመስመር መቀየሪያ ማብሪያ ማጥፊያ መጨመር ያስፈልጋል፤ በክረምት ዝናብ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ብረቱና እንጨቱ

የተዘጋጀ የሞዴል ሐዲድ ከውጭ ካልመጣ በቀር በቀላሉ ስለማይገኝ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በጠርዙ ቆሞ ሐዲድ እንዲሆን ይደረጋል። ይህ መጠን ካልተገኘ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በማሽን ማስቆረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ቀጭን ቁራጭ በመቁረጫው ምላጭ ሲገፋ እንደ ገመድ ስለሚጠመዘዝ፣ ብረቱን ከመረከብ በፊት አንዱን ጫፍ በዓይን ደረጃ ይዞ እስከ ሌላው ጫፍ መመልከት ግድ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ የተረከብኋቸውን አሥር ቁራጮች ለማቃናት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል፣ ሦስቱም እስካሁን አልተቃኑም።

ሐዲዱ ለሚያርፍባቸው አግዳሚዎች ከጽድ የተሻለ እንጨት አላውቅም። ምስጥ አይደፍረውም፣ እርጥበትም ቶሎ አያበሰብሰውም፤ የድሮ ሰዎች የአጥር ቋሚ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ጽድ መግዛት አያስፈልግም። ከፈረሰ ቤት የወጣ የበር መቃን ወይም ቋሚ በደንብ የደረቀ ስለሆነ እንዲያውም ይመረጣል፤ መጋዝ ከማስገባት በፊት ግን ሚስማሩን አንድ በአንድ መንቀል ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ፣ ዝግባም ለምስጥ ስለሚመች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በከተማችን የተለመደውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት እንጨቱን ይጠብቃል፤ ሆኖም ዘይቱ ወደ አፈሩ ስለሚወርድ፣ መስመሩ በጎመንና በጤና አዳም መደብ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ጽዱን ያለ ምንም ቅባት መተው ይሻላል።

አግዳሚዎችን በጅምላ መቁረጥ

ለ10 ሜትር መስመር 300 ያህል አግዳሚ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱን ለየብቻ ለክቶ መቁረጥ ትዕግሥት የሚያስጨርስ ብቻ ሳይሆን ስሕተትንም 300 ጊዜ መጋበዝ ነው። ስለዚህ ብረቱ የሚገባበት ቦይ የሚቆረጠው እንጨቱ ገና ወደ አግዳሚ ሳይሰነጠቅ ነው። 15 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በጭረቱ (በእንጨቱ ቃጫ) ርዝመት በየ9 ሴንቲ ሜትሩ እየተለካ፣ ጭረቱን አቋርጦ ይቆረጣል። ከዚያም በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ፣ ጭረቱን አቋርጠው የሚያልፉ ሁለት ቦዮች በጠረጴዛ መጋዝ ይወጣሉ፤ የቦዩ ጥልቀት 5 ሚሊ ሜትር፣ የቦዮቹ መሐል ለመሐል ርቀት ደግሞ 48 ሚሊ ሜትር ነው። የመጋዙ ጥርስ 3 ሚሊ ሜትር የሚያነሣ ከሆነ ብረቱ ሲገባ በሁለቱ ሐዲዶች ውስጣዊ ፊት መካከል 45 ሚሊ ሜትር በትክክል ይቀራል። በመጨረሻ ቁራጩ በጭረቱ አቅጣጫ 12 ሚሊ ሜትር እየሆነ ይሰነጠቃል። መጋዙ የሚበላው ታስቦ ከአንድ ቁራጭ 13 አግዳሚ ይወጣል፤ 24 ቁራጭ ማለትም ከ2 ሜትር ተኩል ያነሰ ጣውላ ለ10 ሜትሩ ይበቃል ማለት ነው። የአንድ ቁራጭ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ስፋት ስለሚኖራቸው መለካት የሚያስፈልገው ከየቁራጩ አንዱን ብቻ ነው።

ብረቱ በቦዩ ውስጥ በመዶሻ ቀስ ተብሎ እየተመታ ይገባል፤ በየአራተኛው አግዳሚ ላይ አንድ ጠብታ ኢፖክሲ ይጨመራል። ሌሎቹ ሳይጣበቁ መቅረታቸው ሆን ተብሎ ነው፤ ብረቱ ሲሞቅና ሲበርድ መንቀሳቀስ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ያደረበት ብረት ቀትር ላይ በፀሐይ 30 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ሊገኝ ይችላል፤ በዚህ ልዩነት የ6 ሜትር ብረት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ብረቱን በ3 ሜትር ከፋፍሎ፣ በጠዋት ብርድ ሲነጠፍ በየመጋጠሚያው 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት መተው፣ በቀትር ሲነጠፍ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያላለፈ መተው ተገቢ ነው። በመጋጠሚያው ላይ በውጭ በኩል ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በአንደኛው ብረት ላይ ይበየዳል፣ ሌላኛው ብረት ላሜራውን ተደግፎ ይንሸራተታል። በውስጥ በኩል የመንኮራኩሩ ከንፈር (ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጠርዝ) ስለሚያልፍ ምንም ነገር መኖር የለበትም።

ኩርባ ላይ ራዲየሱ ከአንድ ሜትር ተኩል ባያንስ እመክራለሁ። ብረቱ ቀጭን በሆነበት አቅጣጫ ስለሚታጠፍ በእጅ ይታጠፋል፤ ብቻ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከተፈለገው ትንሽ አልፎ ማጠፍ ያስፈልጋል።

መደላደሉ

ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ በእሱ ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ሐዲድ መስከረም ላይ የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። 15 ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ አውጥቶ በገረገንቲ መሙላትና መጠቅጠቅ፣ በላዩም 00 የሚባለውን ደቃቅ የተፈጨ ጠጠር ማልበስ ይበቃል። የጠጠሩ ዱቄት በወንፊት መለየት አለበት፣ ካልተለየ ውኃ ይቋጥራል። የተፈጨ ጠጠር ማዕዘን ስላለው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ የወንዝ አሸዋ ግን ከሐዲዱ ሥር ይንከባለላል። የመስመሩ ሽቅብ በ1 ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በውኃ ልክ ይረጋገጥ። ግቢዬ የኪራይ ስለሆነ መስመሩን በአንድ ሜትር ተኩል ክፍል ከፋፍዬ፣ ብረቱንም በዚያው ልክ ቆርጬ ነው የሠራሁት፤ መጋጠሚያ ቢበዛም ዕቃ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

መለያያው

ባቡር ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያልፍበት መለያያ አምስት ነገሮች አሉት፦ ሁለቱ የውጭ ሐዲዶች፣ የሚንቀሳቀሱት ሁለት ምላሶች፣ የውስጥ ሐዲዶቹ የሚገናኙበት ሹል መሻገሪያ፣ ከመሻገሪያው ግራና ቀኝ የታጠፉት ክንፎች፣ እንዲሁም ከመሻገሪያው ትይዩ በውጭ ሐዲዶቹ አጠገብ የሚቆሙት ጠባቂ ሐዲዶች። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ለምላሶቹ ነው፤ ባቡር የሚጥለው ግን ብዙውን ጊዜ የጠባቂው ሐዲድ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ሥራው ከብረቱ ሳይሆን ከመንኮራኩሩ መጀመር አለበት።

በእኔ ፉርጎዎች ላይ በካሊፐር ስለካ፣ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት የሁለቱ መንኮራኩሮች የጀርባ ለጀርባ ርቀት 40 ሚሊ ሜትር፣ የከንፈራቸው ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። መንኮራኩሩ የመሻገሪያውን ሹል ጫፍ እንዳይመታ፣ ከጠባቂው ሐዲድ ፊት እስከ ሹሉ ጫፍ ያለው ርቀት ከሁለቱ ድምር ማለትም ከ41.5 ማነስ የለበትም። 42 ብንወስድ በጠባቂውና በውጭ ሐዲዱ መካከል የሚቀረው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ነው። በሌላ በኩል ከጠባቂው ፊት እስከ ክንፉ ፊት ያለው ርቀት ከ40 ማነስ አለበት፣ አለዚያ መንኮራኩሮቹ ይጣበቃሉ፤ የክንፉም ክፍተት 3 ከሆነ ርቀቱ 39 ይሆናል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ነፃነት ይተርፋል። የመጀመሪያው መለያያዬ ላይ «ሰፋ ቢል ይሻላል» ብዬ ክፍተቶቹን 4 አድርጌ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ከጠባቂው እስከ ሹሉ ያለው 41 ብቻ ስለሆነ ፉርጎው በየጊዜው ሹሉን እየመታ ይወጣ ነበር። 2.5 ቢደረግ ደግሞ ርቀቱ ልክ 40 ሆኖ ይጣበቃል። የአንባቢው መንኮራኩር ከእኔ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ሳይሆን ስሌቱን መውሰድ ይገባል። ስሌቱ ካለቀ በኋላ የ45፣ የ42 እና የ3 ሚሊ ሜትር መለኪያ ቁራጮችን ቶርኖ ቤት ማሠራት፣ ከዚያ ወዲያ ማስመሪያ አለመንካት ነው።

ሥዕሉ በሙሉ መጠኑ ኮምፔንሳቶ ላይ ይሣላል። ወደ መሻገሪያው ለሚሄደው የተጠማዘዘ ሐዲድ 2 ሜትር ራዲየስ ከተወሰደ፣ ኩርባው ከሚጀምርበት እስከ መሻገሪያው ሹል ድረስ 42 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ የመሻገሪያውም ማዕዘን በ46 ሚሊ ሜትር ርዝመት 10 ሚሊ ሜትር የሚከፈት ነው። ቅስቱን ለመሣል 2 ሜትር የማይለጠጥ ሲባጎና ሚስማር ይበቃል።

በመለያያ ላይ ሐዲዶቹ የሚያልፉበት ማዕዘን ከአግዳሚ አግዳሚ ስለሚለያይ በቦይ መሥራት አይመችም። ስለዚህ በእያንዳንዱ አግዳሚ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የላሜራ ዝርግ፣ ብረቱ በላዩ ተበይዶ፣ በሚስማር ይመታል። ከፍታው ከሌላው መስመር ጋር እንዲገጥም የመለያያው አግዳሚ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 8 እና 2 እና 12 ሲደመሩ 22 ይሆናሉ፣ በቦይ የተሠራውም 15 ላይ 7 ተጨምሮ ያው 22 ነው። የአግዳሚዎቹ ርዝመት ከ90 ሚሊ ሜትር ጀምሮ እየጨመረ ሹሉ አጠገብ 135 ይደርሳል። ብየዳው በጋዝ ነበልባልና በነሐስ ዘንግ ቢሆን ይመረጣል። ዝርጉ እንጨቱ ላይ ሳለ ማቃጠል ስለማይገባ፣ መጀመሪያ ኮምፔንሳቶው ላይ ልኩ ተወስዶ፣ ብየዳው በጡብ ላይ ተሠርቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ እንጨቱ ላይ ይሰካል። ከአንድ ወገን ተከታትሎ መበየድ ብረቱን ስለሚያጎብጠው እየዘለሉ በነጥብ በነጥብ መያዝ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ቀጥተኛው የውጭ ሐዲድ ይያዛል። ቀጥሎ ሁለት ብረቶች በሞርሳ ተይዘው እንደ ሥዕሉ ማዕዘን በሞረድ ተስለው ይበየዳሉ፣ ሹሉ ይሆናሉ፤ ጫፉ እንደ ምላጭ ስል ሳይሆን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ደነዝ ሆኖ፣ ከአናቱም በጣም ጥቂት ዝቅ ተደርጎ ይሞረዳል። ሹሉ በ45ቱ መለኪያ ከቀጥተኛው ሐዲድ፣ የተጠማዘዘው የውጭ ሐዲድ ደግሞ በ45ቱ መለኪያ ከሹሉ ይወሰናሉ። ክንፎቹ በ3ቱ መለኪያ ይከተላሉ። ጠባቂዎቹ በመጨረሻ በ42ቱ መለኪያ ከሹሉ ተነስተው ይቀመጣሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው መንኮራኩሩን ቀስ ብሎ እንዲቀበል ወደ ውስጥ ትንሽ ይታጠፋል።

ለምላሶቹ ከኩርባው መነሻ 155 ሚሊ ሜትር ላይ የሐዲዶቹ ልዩነት 6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ለከንፈሩ 3፣ ለብረቱ ውፍረት 3 ስለሆነ የምላሱ ሥር እዚያ ላይ ይሆናል። ከመነሻው እስከ 45 ሚሊ ሜትር ድረስ ምላሱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሚቀጥን ስለሆነ ያን ክፍል ቆርጦ መጣልና በውጭ ሐዲዱ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ጎድጎድ በሞረድ አውጥቶ ጫፉን እዚያ ማሳረፍ ይገባል። የሚቀረው ምላስ 11 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚህም ወደ ጫፉ ያለው 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል እየቀጠነ ይሞረዳል። የምላሱ ሥር በተበየደ የላሜራ ጆሮና በ3 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይያዛል፤ ዳዶው ጠብቆ ሳይሆን እንዲዞር ላላ ብሎ፣ በላዩም ሁለተኛ ዳዶ ተደርቦ ይታሰራል። ሁለቱ ጫፎች በአግዳሚዎች መካከል በሚያልፍ የላሜራ ዝርግ ይያያዛሉ፤ የተከፈተው ምላስ ከሐዲዱ 6 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ዝርጉን ወደ አንዱ ወገን የሚይዘው ከእስክሪብቶ የወጣ ስፕሪንግ ነው፤ ከኋላ የሚመጣ ፉርጎ ምላሱን ገፍቶ እንዲያልፍ ያስችላል፣ ከሞተር ይልቅም የክረምቱን ጭቃ ይችላል።

ከመነጠፉ በፊት አንድ ፉርጎ ከነጭነቱ በጣት ቀስ እየተባለ በሁለቱም መስመር፣ በሁለቱም አቅጣጫ፣ ወደ ጠባቂው እየተገፋም ወደ ሹሉ እየተገፋም ይሂድ። የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ሞረድ ከማንሣት በፊት የ42ቱን መለኪያ እንደገና ማስገባት ነው፤ መለኪያው ካልገባ ወይም ከላላ የሚነቀለው ጠባቂው እንጂ ሹሉ አይደለም። ከዚያ መለያያው ይነጠፋል፣ ጠጠሩም ከምላሶቹ ሥር በስተቀር በሁሉም ቦታ ይሞላል።